አሮጌው ድልድይና የእኛ ዕዳ

ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ደክመው የሠሩትን፣ እኛ ግን ዛሬ ለኑሯችን የማያስፈልገንን ነገር ጠብቀን የማቆየት ግዴታ አለብን ወይስ የለብንም? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሽማግሌው «እንዴታ!» ብሎ ይመልሳል፤ ወጣቱ ደግሞ «የሞተ ሰው ሥራ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበር» ይላል። ሁለቱም የመለሱት ሳያስቡ ነው። እኔ ነገሩን በደመና ላይ ሆኜ እንዳልናገር አንድ የእንጨት ድልድይ ምሳሌ አድርጌ ለመመርመር አስቤአለሁ። ድልድዩ በአገራችን ያለ አይደለም፤ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ስኮሃሪ በሚባል የገበሬዎች አውራጃ፣ ኖርዝ ብሌንሃይም በምትባል ትንሽ መንደር የነበረ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ገጠር የሚጓዝ ሰው አንዳንድ ጊዜ በወንዝ ላይ የተጋደመ ረጅም ጎተራ የሚመስል ነገር ያያል። ግድግዳው ሳንቃ ነው፤ ጣራው እንደ ቤት ጣራ በሁለት ወገን ያዘነበለ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ መዝጊያ የሌለው ደጅ አለው። ይህ ድልድይ ነው። ድልድይ ጣራ ምን ያደርግለታል ብሎ የማይጠይቅ የለም። አንዱ መንገደኛ ከዝናብ እንዲጠለልበት ነው ይላል፤ ሌላው ፈረስ ከሥር የሚወርደውን ውኃ አይቶ እንዳይደነብር ነው ይላል። ሁለቱም ጥቅም መገኘቱ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጣራው የተሠራው ለሰውም ለፈረስም ሳይሆን ለእንጨቱ ነው።

የድልድዩን ክብደት የሚሸከሙት በግራና በቀኝ፣ አንዳንድ ጊዜም በማህል ቆመው ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱት ታላላቅ ወጋግራዎች ናቸው። እነዚህም ከቋሚ፣ ከአግዳሚና ከሰያፍ እንጨት ተጋጥመው ሦስት ማዕዘን እየሠሩ የተያያዙ ናቸው። በአራት እንጨት የተሠራ ማዕዘን ከጎኑ ቢገፉት ይዘማል፤ በሦስት የተሠራው ግን አንዱ እንጨት ካልተሰበረ ወይም መጋጠሚያው ካልላላ በቀር ቅርጹን አይለውጥም። እንግዲህ ኃይሉ ሁሉ በመጋጠሚያው ላይ ነው። ውኃ ወደ መጋጠሚያው ሰርጎ ሳይደርቅ ከቆየ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ያለ ክዳን የቆመ የእንጨት ድልድይ ዕድሜው ቢበዛ ሃያ ዓመት ያህል ሲሆን፣ ጣራና ግድግዳ የለበሰው መቶ ዓመት አልፎም ይቆማል። በ1805 ቲሞቲ ፓልመር የሚባለው አናጢ በፊላዴልፊያ በስኩልኪል ወንዝ ላይ ትልቅ ድልድይ ሠርቶ ሲያበቃ፣ ሪቻርድ ፒተርስ የተባለው ዳኛ «አልብሱት» ብሎ መከረ፤ ምክሩም ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ይህ ልማድ በየገጠሩ ተስፋፋ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ያለው አሳብ ነው። ርካሹ ሳንቃ በውዱ ወጋግራ ፈንታ ዝናብና ፀሐይ ይመታዋል፤ በወጋግራው ፈንታም ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ነቅሎ ሌላ መምታት ነው። ይህንንም ሥራ ድልድዩን የሠራው አናጢ እስከ መጨረሻው ሊሠራው አይችልም፤ እርሱ ሟች ነውና። እንግዲህ ድልድዩን ጣራ ያለበሰው ሰው «ከእኔ በኋላ ይህን ሳንቃ የሚለውጥ አንድ ሰው ይኖራል» ብሎ አምኗል ማለት ነው። ያ ሰው ገና አልተወለደም፤ ስሙም አይታወቅም፤ ውልም አልፈረመም። ሆኖም ሥራው ሁሉ በዚያ ሰው ላይ ተደግፎ ቆሟል። በሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያደገ የአገራችን ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ክዳኑ ባረጀ ጊዜ ሁሉ ሣር የሚያመጣ አጥቢያ ከሌለ ሕንፃው ምን እንደሚሆን ያውቃል።

ስለ እነዚህ ድልድዮች ከሚነገረው ሁሉ ደስ የሚለኝን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በዚያ አገር በብርድ ወራት መንገዱ ሁሉ በረዶ ስለሚለብስ ሰዎች መንኰራኵር በሌለው፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ሠረገላ ይሄዱ ነበር። ነገር ግን ከጣራው የተነሣ በድልድዩ ውስጥ በረዶ የለም፤ ሠረገላውም በደረቅ ሳንቃ ላይ አይንሸራተትም። ስለዚህ በረዶ በአካፋ እያፈሰ ወደ ድልድዩ ውስጥ የሚበትን ሰው ይቀጠር ነበር። ውጭ ያለው ሰው በረዶ ሲጠርግ ይህ በረዶ ያስገባል! የደጁም ከፍታና ስፋት የሚለካው ድርቆሽ እስከ አፉ በተጫነ ሠረገላ ነበር። ድልድዩ ሲታነጽ ለማን እንደ ታሰበ ከዚህ ይታወቃል፤ ለገበሬ ነው።

የብሌንሃይም ድልድይ በ1855 ተሠራ። የሠራውም ኒኮላስ ፓወርስ የሚባል የቨርሞንት አናጢ ነው። ይህ ሰው የመጀመሪያ ድልድዩን ሊሠራ በተዋዋለ ጊዜ ገና ወጣት ስለ ነበር፣ እንጨቱን ቢያበላሽ ኪሣራውን እከፍላለሁ ብሎ አባቱ ዋስ ሆነለት ይባላል። በብሌንሃይም ግን የታወቀ ባለሙያ ሆኖ ነው የመጣው። ድልድዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 232 ጫማ፣ ማለት 70 ሜትር ያህል ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 210 ጫማው በወንዙ ማህል አንዳች ድጋፍ ሳይኖረው በአየር ላይ የተዘረጋ ነው። በዓለም ላይ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ድልድዮች ከረጅሞቹ አንዱ ነው። ሦስት ወጋግራ ነበረው፤ የማህለኛውም እስከ ጣራው ጫፍ የሚደርስ ትልቅ የእንጨት ቅስት በውስጡ ስለያዘ መንገዱን ለሁለት ይከፍለው ነበር፤ አንዱ ለሚሄድ፣ አንዱ ለሚመጣ።

የመንደሩ ሰዎች ይህ ሁሉ እንጨት ወንዝ ውስጥ ይወድቃል ብለው ይሳለቁ እንደ ነበር ይተረካል። ከሥር ደግፈው የያዙት ጊዜያዊ እንጨቶች በሚነቀሉበት ቀን ፓወርስ በጣራው ጫፍ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ ይባላል፤ ድልድዩ ከወደቀ እኔም አብሬ ልውደቅ ማለቱ ነው። ድልድዩ አልወደቀም። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ ጥቂት ጌጥ ሳይጨመርበት አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ነገር ግን ሕዝቡ ይህን ታሪክ መርጦ ማቆየቱ ራሱ አንድ ነገር ያስረዳል፤ ሠሪው በሥራው ላይ ሕይወቱን የሚያስይዝ ሰው መሆኑን ሊያስታውሱ ፈልገዋል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ መኪና በዛ፤ በአጠገቡም አዲስ የብረት ድልድይ ተሠራ። አሮጌው ከእንግዲህ ጥቅም የለውም፤ አፍርሶ እንጨቱን መሸጥ ይቻላል። የአውራጃው ሹማምንት ግን ለመታሰቢያ ይቁም ብለው ወሰኑ። ያ ጊዜ በአሜሪካ ታላቅ የችግር ዘመን እንደ ነበረ ያስታውሷል። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት ከአገሪቱ ታላላቅ የታሪክ ቅርሶች ጋራ መዘገበው። እንዲህ ሆኖ 80 ዓመት ያህል ሠረገላም መኪናም ሳይሄድበት፣ ሰው በእግሩ እየተመላለሰበት ኖረ። በኦገስት 28 ቀን 2011 አይሪን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባመጣው ዝናብ የስኮሃሪ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ከመሠረቱ አንሥቶ ወሰደው። ጣራው ከላይ የሚመጣውን ውኃ 156 ዓመት ከልክሎ ነበር፤ ከታች የመጣውን ግን ሊከለክል አልቻለም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ውኃው ከወሰደው በኋላ የአውራጃው ሰዎች እንደገና እንሥራው አሉ። የፌዴራሉ መንግሥት የአደጋ ርዳታ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ገንዘብ አልሰጥም ብሎ ከለከለ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ግን ፈቀደ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት አዲሱ ድልድይ ከፊተኛው ከፍ ብሎ ተሠርቶ በ2018 ተፈጸመ። ይህ ድልድይ ያ ድልድይ ነውን? ካልሆነስ ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለምንድን ነው?

የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ የጻፈውን ያነበበ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይሆንበትም። ቴሴዎስ ከቀርጤስ የተመለሰበትን መርከብ የአቴና ሰዎች አቆይተው፣ የበሰበሰውን እንጨት እያወጡ አዲስ እያገቡበት ብዙ ዘመን ኖሩ፤ ፈላስፎችም መርከቡ ያው ነው፣ አይደለም እያሉ ይከራከሩበት ነበር። እኔ ግን የፈላስፎቹ ክርክር አንድ ነገር የዘነጋ ይመስለኛል። መርከቡን ትተው እንጨቱን የሚለውጠውን አናጢ ቢመለከቱ መልሱ ይቀርባቸው ነበር። አንድ ሳንቃ ብቻ ሲለወጥ አዲሱ የሚለካው በአጠገቡ ባለው አሮጌ ሳንቃ ነው። አሮጌው ለአዲሱ መምህር ነው። ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ግን መምህሩ ይሞታል፤ የሚቀረው ወረቀት ነው፤ ያውም ካለ።

በጃፓን በኢሴ ቤተ መቅደስ መግቢያ ኡጂ የሚባል የእንጨት ድልድይ አለ። ጃፓኖች ይህን ድልድይ በየ20 ዓመቱ በሙሉ አፍርሰው በአዲስ እንጨት ይሠሩታል፤ በ2009 እንደዚሁ ተሠርቷል። አንድ አሮጌ ግንድ ሳይቀርበት ማንም ሰው ሐሰተኛ ድልድይ ነው አይለውም። ስለ ምን ቢባል፣ በ20 ዓመቱ እንጨት እያቀበለ የሠራው ልጅ በ40 ዓመቱ አለቃ ሆኖ ይሠራዋል፤ በ60 ዓመቱም ተቀምጦ ሌሎቹን ይመክራል። ጥበቡ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። እንጨቱ አዲስ ነው፤ እጁ ግን አሮጌ ነው።

የብሌንሃይም ነገር በሁለቱ ማህል ነው። በአንድ ወገን ድልድዩ በአንድ ቀን ጠፍቷል። በሌላው ወገን ደግሞ ቆሞ ሳለ መሐንዲሶች ለክተው ሥዕሉን አንሥተውት ነበር፤ ይህን ጥበብ የሚያውቁ አናጢዎችም በዚያ አገር ጥቂቶች ቢሆኑም አልጠፉም። ለዚህም ምክንያቱ በየመንደሩ የቀሩት ድልድዮች በየጊዜው ሲጠገኑ ስለሚያስተምሯቸው ነው። ራሱ ፓወርስ በ1880 በቨርሞንት፣ ሽሩስበሪ በምትባል መንደር የሠራው ብራውን የሚባለው ድልድይ እስካሁን ቆሟል። የሠሪው እጅ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ አናጢ እዚያ ሄዶ መጋጠሚያውን በጣቱ ሊዳስሰው ይችላል። እንግዲህ በ1930ዎቹ «ለመታሰቢያ ይቁም» ያሉት ሹማምንት ያልገመቱትን ነገር ሠርተዋል። ድልድዩን ያኔ አፍርሰው ቢሆን ኖሮ ከ80 ዓመት በኋላ እንሥራው የሚል ሰውም፣ በምን ልክ እንሥራው የሚለውን የሚመልስ ሰውም ባልተገኘ ነበር።

መንግሥት በ2015 የብሌንሃይምን ድልድይ ከታላላቅ ቅርሶች መዝገብ ሰርዞታል። አንዳንዱ ሰው ይህን ጭካኔ ነው ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን ትክክለኛ ፍርድ ነው እላለሁ። የ1855ቱ ድልድይ ጠፍቷል፤ አልጠፋም ብሎ ሕፃናትን ማታለል አባቶችን ማክበር አይደለም። አዲሱ ድልድይ የአሮጌው ልጅ ነው። ልጅ አባቱን አይሆንም፤ ባዕድም አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት ለጠባቂዎቹ ያደላ መሆኑ ይታወቀኛል። የገበሬውንም ነገር መስማት ይገባል። ድርቆሽ ለጫነ ሠረገላ የተሠራ ድልድይ ዛሬ ከየግርግሙ ወተት የሚሰበስበውን ከባድ መኪና አይሸከምም። እንዲህ ያለ ድልድይ በመንገዱ ላይ ያለበት ገበሬ መኪናው ዞሮ እንዲመጣ ግድ ይሆናል፤ የእሳት አደጋ መኪናም እንደዚሁ። በቨርሞንት ሊንደን በምትባል ከተማ ያለውን አሮጌ ድልድይ ከጣራው በላይ የረዘሙ የጭነት መኪናዎች እየደጋገሙ መትተውታል። በመኪናው ውስጥ ያለው መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ «በዚህ ሂድ» ይላል እንጂ የድልድዩን ከፍታ አይናገርም፤ ነጂውም ማስጠንቀቂያው በትልቅ ፊደል ተጽፎለት ሳለ መሣሪያውን ያምናል። (በዘመናችን ካሉት እንግዳ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።) በከተማ ተቀምጦ በዕረፍቱ ቀን መጥቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው «ይህ ውበት እንዳይነካ» ሲል፣ ዞሮ የሚሄደው ገበሬ ቢቆጣ እውነት አለው። ውበቱን ሁሉም የሚካፈለው ከሆነ ወጪውንም ሁሉም ሊካፈለው ይገባል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1998 እንደነዚህ ያሉትን ድልድዮች ለመጠገን የሚረዳ ገንዘብ እንዲመደብ በሕግ የወሰነው ይህን ተረድቶ ይመስለኛል።

ደግሞ ሁሉ ይጠበቅ ማለት አይቻልም። በዚያ አገር በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ ድልድዮች ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት አንድ ሺሕ አይሞሉም። ጎርፍ የወሰዳቸው፣ እሳት የበላቸው፣ ክፉ ሰዎች ሆን ብለው ያቃጠሏቸው፣ የመንገድ ሥራ ያፈረሳቸው ብዙ ናቸው። በጠፉት ሁሉ ላይ ማልቀስ አይገባም፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ሰው የሚፈረድበት ሳንቃውን መለወጥ ሲችል በስንፍና ትቶት መጋጠሚያው ሲበሰብስ ነው። ድልድዩን መርጦ ማፍረስ አሳብ ነው፤ ቸል ብሎ እስኪወድቅ መጠበቅ ግን አሳብ የሌለው ሰው ሥራ ነው። ብዙ ጊዜም ይህ ሁለተኛው ሰው ድልድዩ ከወደቀ በኋላ «ቅርሳችን ጠፋ» ብሎ ከሁሉ አስቀድሞ ይጮኻል።

ብሌንሃይም በጠፋበት በዚያው ቀን በቨርሞንት የዊሊያምስ ወንዝ ሌላ ድልድይ ጥሏል። ባርቶንስቪል የሚባለው ይህ ድልድይ በ1870 የተሠራ ሲሆን እስከዚያች ቀን ድረስ መኪና የሚተላለፍበት ነበር። ሲወድቅ የተነሣውን ሥዕል በዓለም ላይ ብዙ ሰው አይቶታል። የሮኪንግሃም ከተማ ሰዎች በኮንክሪት እንሥራው አላሉም፤ በእንጨት፣ በፊተኛው ዓይነት አሠራር ሠርተው በ2013 ከፈቱት። ዛሬ መኪና ይሄድበታል። በባርቶንስቪል የነበረው ክርክር እንደ ብሌንሃይም የመረረ ያልሆነው፣ ሰው በየቀኑ የሚሄድበትን ነገር ለምን ትጠግናለህ ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው። ጥቅም የሚሰጥ ነገር ጠበቃ አያስፈልገውም። መታሰቢያ ብቻ የሆነ ነገር ግን በየትውልዱ እንደገና ሊሟገቱለት ያስፈልጋል፤ አንድ ትውልድ ዝም ካለ ያልቃል።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል። ያ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ ብቻ አይደለም። በስኮሃሪ ሸለቆ የብዙ ሰው ቤት ተጥለቅልቋል፤ የገበሬው እርሻ በድንጋይና በደለል ተሸፍኗል። ግድግዳው የረጠበበት ሰው «ስለ ድልድዩ የምትከራከሩት እኔን አታዩኝምን?» ቢል ምን ይመለስለታል? ለቤት የታሰበው ገንዘብና ለድልድይ የታሰበው ገንዘብ ከልዩ ልዩ ኪስ ነው የሚወጣው ማለት የመዝገብ ቤት መልስ ነው፤ ለብርድ አይሆንም። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ብሆን ኖሮ አስቀድሜ የቤቱን ጉዳይ አስጨርስ ነበር፤ ድልድዩ ሰባት ዓመት ጠብቋል፤ ጥቂት ቢጨመርበትም አይሞትም፤ ወትሮም ሞቷልና። ነገር ግን ቤቱ ከተሠራለት በኋላ ያው ሰው ድልድዩ አያስፈልግም ቢለኝ አልስማማለትም። ይህ ሰው የሚያርሰውን መሬት ድንጋዩን ለቅሞ እርሻ ያደረገለት ሌላ ሰው ነው፤ የሚሄድበትን መንገድ ያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ እርሱ ከመወለዱ በፊት አንድ አናጢ በጣራ ጫፍ ላይ ተቀምጦለታል።

አዲሱ ድልድይ ሲፈጸም እንጨቱ ገና ቢጫ ነበር። ለማጥቆር ፀሐይና ዝናብ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ የመጀመሪያው የጣራ ሳንቃ የሚለወጥበት ጊዜ ሲደርስም ዛሬ በድልድዩ ውስጥ እየሮጡ ማሚቶውን ለመስማት የሚጮኹት ልጆች የአውራጃው ሹማምንት ይሆናሉ።